የጭነት መኪናና የትራክተር ቀለም፤ አመጣጡና በቀቢው ላይ የጫነው ዕዳ

ስለ ጭነት መኪናና ስለ ትራክተር ታሪክ የሚያወሱ ጽሑፎች ሞተሩን፣ ማርሹንና ሃይድሮሊኩን በሰፊው ይተነትናሉ። ቀለሙን ግን ወይ ይዘሉታል፣ ወይም ስለ መልኩ ማማር ጥቂት ቃል ጣል አድርገው ያልፋሉ። እኛ መሐንዲሶችም ብንሆን በዚህ ረገድ ከወቀሳ ነጻ አይደለንም፤ ቀለም በብዙዎቻችን ዘንድ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ማስዋቢያ ተደርጎ ይታያል። ዳሩ ግን ቀለም የብረት ሥራ አንድ ክፍል ነው። የራሱ ኬሚስትሪ፣ የራሱ መሣሪያና የራሱ የምርት ታሪክ አለው። ይህ ታሪክ በአጭሩ ሲነገር የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፤ ይኸውም የተቀባው እስኪደርቅ ድረስ የሚጠበቀውን ጊዜ እንዴት ማሳጠር ይቻላል የሚለው ነው። ጥያቄው በየዘመኑ መልስ አግኝቷል። ነገር ግን የተቆጠበው ጊዜ ሒሳብ በሌላ በኩል ሲከፈል ቆይቷል፤ ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ መርጫውን በእጁ የያዘው ሠራተኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሒሳብ ከመነሻው ተከትሎ ማየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውቶሞቢል ሲፈጠር የራሱ የሆነ ቀለም አልነበረውም፤ የወረሰው የፈረስ ሠረገላን ቀለም ነው። ይህም ከተልባ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ የሚዘጋጅ ቫርኒሽ ሲሆን በብሩሽ ይቀባል፤ ሲደርቅ በደቀቀ ድንጋይና በውኃ ይታሻል፤ ደግሞ ይቀባል፤ ደግሞ ይታሻል። ዘይቱ የሚደርቀው በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ስለሆነ ማንም ሊያስቸኩለው አይችልም። አንድ ጥሩ ሠረገላ ተቀብቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ቀቢው የተከበረ ባለሙያ ነበር፤ ጊዜውም የእርሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት የፈረሰው በፋብሪካ ነው። የፎርድ ኩባንያ በ1913 ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሲጀምር 12 ሰዓት ተኩል ይወስድ የነበረው የሻሲ መገጣጠም ሥራ በሚቀጥለው ዓመት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። መኪናው በሰዓት የሚቆጠር፣ ቀለሙ ግን በቀናት የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ የተባለው መኪና በጥቁር ቀለም ብቻ የተሸጠበትን ምክንያት ብዙ ሰው የባለቤቱን ግትርነት የሚያሳይ ቀልድ አድርጎ ያወራዋል። እውነቱ ግን የአሠራር ጉዳይ ነው። ከአስፋልት የሚዘጋጀው ጥቁር ኢናሜል ርካሽና ጠንካራ ከመሆኑም በላይ የብረቱ ክፍሎች በምድጃ ተጋግረው ቶሎ እንዲደርቁ ይፈቅዳል። ደማቅ ቀለም የሚሰጡት የዘይት ቫርኒሾች ይህን ሙቀት አይችሉም ነበር፤ ውስጡ እንጨት የሆነ አካልም ቢሆን እንዲህ ባለ ምድጃ ውስጥ አይገባም።

ከምድጃ ውጭ የሆነ መፍትሔ የተገኘው ከጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ጥጥን በናይትሪክ አሲድ እያዘጋጀ ለባሩድ የሚሆን ናይትሮሴሉሎስ በብዛት ያመርት ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ለዚህ ሁሉ ማምረቻ ሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ሆነ። በ1920 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ፓርሊን በተባለ ቦታ በሚገኘው ቤተ ሙከራ በናይትሮሴሉሎስ ላይ ሲሠራ ሳለ ለጥቂት ቀናት ተረስቶ የቆየ በርሜል ሲከፈት የወፈረው ፈሳሽ ቀጥኖ ተገኘ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረው ናይትሮሴሉሎስ እጅግ የወፈረ ስለነበር በአሟሚ ብዙ ካልቀጠነ አይቀባም፤ ብዙ ከቀጠነ ደግሞ ብረቱ ላይ የሚቀረው እንደ ጭስ የሳሳ ሽፋን ነው። አሁን ግን ብዙ ሙጫና ብዙ ቀለም ሰጪ ዱቄት በአንድ ጊዜ መሸከም የሚችል ፈሳሽ ተገኘ። ዱኮ የተባለው ቀለም ከዚህ ተወልዶ በ1923 ገበያ ላይ ዋለ። ጄኔራል ሞተርስ በማግሥቱ ዓመት የኦክላንድ መኪኖቹን በሰማያዊ ዱኮ ቀባ። ሳምንታት ይወስድ የነበረው ሥራ ወደ ሰዓታት ተለወጠ፤ የቀለም ምርጫም ወደ ተራው ገዢ ደረሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ማየት የሚገባን ነገር አለ። ዱኮ የሚደርቀው ከኦክስጅን ጋር በመዋሐድ ሳይሆን አሟሚው በመትነኑ ብቻ ነው። በመሆኑም እጅግ ቶሎ ስለሚደርቅ በብሩሽ ሊቀባ አይመችም፤ ብሩሹ ተመልሶ ሲያልፍ የፊተኛውን ይጎትታል። ስለዚህ መርጨት አማራጭ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ።

መርጫው ቀደም ብሎ ተፈጥሮ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በ1893 በቺካጎ ከተማ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሰፋፊ ሕንፃዎችን በጊዜው ነጭ ቀለም ለማልበስ በመርጫ ተጠቅመዋል። ዛሬ በየጋራዡ የምናየው ዓይነት መርጫ ግን ሌላ አመጣጥ አለው። ኦሃዮ ግዛት፣ ቶሌዶ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ዶክተር አለን ዴቪልቢስ የተባሉ ሐኪም በጉሮሮና በአፍንጫ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ሠርተው በ1880ዎቹ መጨረሻ ለገበያ አቀረቡ። ልጃቸው ቶማስ በ1907 ያንኑ ሐሳብ አሳድጎ የቀለም መርጫ አደረገው። ፈሳሽን አድቅቆ መበተን የሐኪሙ ፍላጎት ነበር። በቀለም ሥራ ላይ ያ ፍላጎት ወደ ጉዳት መለወጡን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ግን ጠባዩን አልለወጠም።

ዱኮ ለቤት መኪና የተመቸውን ያህል ለጭነት መኪናና ለትራክተር አልተመቸም። ናይትሮ ቀለም ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ደጋግሞ መርጨትን ይጠይቃል፤ ሲደርቅ ደብዛዛ ስለሚሆን በፓስታ ካልታሸ አያበራም። ቤንዚንና ናፍጣ ሲፈስበት ይጎዳል። የትራክተርን የሞተር ብሎክ በፓስታ የሚያሽ ገበሬ የት ይገኛል? ለእነዚህ መሣሪያዎች የሚያስፈልገው በሁለት ወይም በሦስት ንብርብር ወፍሮ የሚሸፍን፣ ሳይታሽ በራሱ የሚያበራ፣ ዘይትንና ፀሐይን የሚችል ቀለም ነበር። ይህንንም በ1920ዎቹ መጨረሻ ሮይ ኪንል የተባለው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስት ያዳበረው አልኪድ ሙጫ አስገኘ። አልኪድ በአንድ በኩል ሰው ሠራሽ ሙጫ፣ በሌላ በኩል የተልባ ወይም የሌላ ቅባት እህል ዘይት ነው። እንደ ጥንቱ ቫርኒሽ በኦክስጅን ይጠነክራል፤ ነገር ግን ሳምንታት ሳይሆን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። በሀገራችን በተለምዶ ኢናሜል ወይም የዘይት ቀለም የምንለው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ትራክተሮች ዛሬ የሚታወቁበትን መልክ የያዙትም በእነዚያው ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ግራጫ ነበሩ። አሊስ ቻልመርስ በ1929 ብርቱካናማውን፣ ካተርፒላር በ1931 ቢጫውን፣ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1936 ቀዩን ያዙ። በኮቨንትሪ ከተማ ከ1946 ጀምሮ የተሠራው የፈርጉሰን ትራክተር ግን ግራጫውን ሳይለቅ ቆየ፤ በ1950ዎቹ ከማሲ ሃሪስ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ቀይና ግራጫ ተደባለቁ። ይህ ሁሉ የንግድ ምልክት ታሪክ ስለሆነ ብዙ ተወርቶለታል። ብዙ ያልተወራለት የቢጫውና የብርቱካናማው ምንጭ ነው። ፀሐይ የማያደበዝዘው፣ በርካሽ የሚገኘውና በደንብ የሚሸፍነው ቢጫ ሊድ ክሮሜት ነበር፤ እርሱም የእርሳስና የክሮሚየም ውሑድ ነው። ስለዚህ አሮጌ ትራክተር ወይም አሮጌ ጭነት መኪና በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚነሣው አቧራ ተራ አቧራ አይደለም። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ2018 ነው። ደንቡ የሚገዛው አዲሱን ቀለም እንጂ ከዚያ በፊት በብረቱ ላይ የተቀባውን አይደለም።

አክሪሊክ ወደዚህ ሥራ የገባው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሮም ስለ አክሪሊክ አሲድ ውሑዶች የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው በ1901 ሲሆን፣ የድካሙ ዋና ፍሬ የሆነው እንደ መስተዋት የጠራው ፕሌክሲግላስ ለገበያ የበቃው በ1930ዎቹ ነው። ያ መስተዋት በፀሐይ የማይበልዝ መሆኑ የቀለም ኬሚስቶችን ቀልብ ሳበ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጄኔራል ሞተርስ ከናይትሮ ወደ አክሪሊክ ላከር ተሸጋገረ። በ1960ዎቹ ደግሞ የአክሪሊክን ፀሐይ መቻል ከኢናሜል ወፍራምነትና በራሱ ከማብራቱ ጋር ያጣመረው አክሪሊክ ኢናሜል መጣ። ለጭነት መኪና ባለቤት ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም። ጠዋት የተረጨ ካቢን ማታ ይነካል፤ ሳይታሽም ያበራል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረው። አክሪሊክ ኢናሜል ላዩ ቶሎ ቢደርቅም ውስጡ ገና ለብዙ ቀናት ለስላሳ ነው። ናፍጣ ከፈሰሰበት ምልክት ይይዛል። ከዚህም የከፋው፣ ጥቂት ሰዓታት ካለፉት በኋላና በሚገባ ሳይጠነክር በፊት ሁለተኛ ቀለም ቢረጭበት የታችኛው ተኮማትሮ እንደ ፍየል ቆዳ ይሸበሸባል። ቀቢው ስህተቱን ለማረም እንኳ ቀናት መጠበቅ አለበት ማለት ነው። መጠበቅ እንደገና ተመለሰ።

ይህን የመጨረሻ ጥበቃ ያስወገደው በትንሽ ቆርቆሮ የሚመጣው ማጠንከሪያ፣ በጋራዥ ቋንቋ ሃርድነር ነው። መሠረቱ የተጣለው በ1937 በሌቨርኩዘን ከተማ ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ፖሊዩሬቴንን ሲያገኙ ነው። የማጠንከሪያው ዋና አካል አይሶሳያኔት ይባላል። ከቀለሙ ሙጫ ጋር ሲገናኝ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ እንደ መረብ ያስተሳስራቸዋል፤ መረቡ ከተያያዘ በኋላ ናፍጣም ቲነርም በቀላሉ አይፈታውም። ቀቢው በማግሥቱ ሁለተኛ ቀለም ሊረጭ፣ ስቱኮ የጎደለውን ሊሞላ፣ ጽሑፍ ሊጽፍ ይችላል። በ1960ዎቹ በፀሐይ የማይበልዙ ዓይነቶቹ ለገበያ ከበቁ ወዲህ በውጭ ለሚውል ብረት ሁሉ ተመራጭ ሆኑ።

አይሶሳያኔት ከማንኛውም እርጥበት ጋር መዋሐድ የሚወድ ነገር ነው። የሰው የመተንፈሻ አካል ደግሞ እርጥብ ነው። በፈረንሳይ አገር ሐኪሞች በዚህ ንጥረ ነገር ላይ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ እንደ አስም ያለ ሕመም መታየቱን በ1951 ጽፈዋል። ሕመሙ ሁሉንም አይዝም፤ አንዳንዱ ሠራተኛ ለዓመታት ሲረጭ ምንም አይሰማውም። አንድ ጊዜ ሰውነቱ ከተቆጣ ግን ከዚያ በኋላ ኢምንት የሆነ መጠን እንኳ ትንፋሹን ያጥረዋል፤ ሙያውንም ለመተው ይገደዳል። በቀለም ማጠንከሪያ ውስጥ ለሚገኘው ዋነኛ ዓይነት የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም የመከረው የሙሉ ቀን ገደብ በአየር ውስጥ ከቢሊዮን 5 እጅ ነው። ይህን ያህል ትንሽ መጠን አፍንጫ አይለየውም። ስለዚህ ሽታው ከጠፋ አደጋው ጠፍቷል የሚለው የጋራዥ እምነት በቲነር ላይ ምናልባት ቢሠራ በአይሶሳያኔት ላይ አይሠራም። የብሪታኒያ የጤናና ደኅንነት ባለሥልጣን የተሽከርካሪ ቀለም ረጪዎች በሥራ ምክንያት በሚመጣ አስም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሠራተኛ 80 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አስታውቋል።

የአገራችን ቀቢ ይህን ሁሉ የተቀበለው በተጠናቀቀ መልኩ፣ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈ የባዕድ ቋንቋ መመሪያ አማካይነት ነው። ሙያው ከኢጣሊያኖች ጋር እንደመጣ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ላሜራው፣ ስቱኮው፣ ላመሪስታው ሁሉ ከዚያ ናቸው። ትሬንታ ኳትሮ የተባሉት የ1930ዎቹ ፊያቶች፣ ከእነርሱም በኋላ ኤንትሬ የተባሉት፣ በአሰብ መንገድ ላይ ሲመላለሱ ኖረው በየጊዜው እንደገና ተቀብተዋል። ትራክተሩም በሰቲት ሁመራ የግል እርሻዎች፣ ከ1967 ጀምሮ በጭላሎ የእርሻ ልማት፣ በኋላም በመንግሥት እርሻዎች ሲበዛ የጥገና ሥራው አብሮ በዛ፤ በ1980ዎቹም ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ቆመ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለመሐንዲሶቹ የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ። መመሪያዎቹ የተጻፉት በባሕር ወለል ከፍታ አቅራቢያ ለሚሠራ፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለሆነ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ወይም አሰላ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ አንድ ኮምፕሬሰር በቁልቁለት ከሚሰጠው አየር በክብደት ሲለካ ሩብ ያህሉን ያጎድላል፤ አሟሚውም ከተለመደው ፈጥኖ ይተናል። ቀለሙ ከመርጫው ወጥቶ ብረቱ ላይ እስኪደርስ በከፊል ደርቆ ይመጣና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። ቀቢው ይህን ሲያይ ግፊቱን ይጨምራል ወይም ቲነሩን ያበዛል። ሁለቱም ጭጋጉን ያበዛሉ፤ ትክክለኛው መድኃኒት ግን በዝግታ የሚተን ቲነር መምረጥ ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሟሚው ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ላዩ ላይ ይጤዛል፣ ናይትሮው ነጭ ጭጋግ ይለብሳል፤ ሃርድነር የገባበትም እርጥበቱን ወስዶ ጋዝ ስለሚያወጣ ጥቃቅን አረፋ ያበቅላል። ሁመራ ላይ በበጋ ወራት 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ የሚረጨው ትራክተር አሰላ ላይ ከሚረጨው ጋር አንድ ዓይነት ቲነር ይቀበላል ብሎ ማሰብ ቀለሙንም ሰውየውንም ማባከን ነው።

አቀማመሙም ቢሆን በግምት የሚሆን አይደለም። ብዙ ጊዜ 8 እጅ ቀለም 1 እጅ ሃርድነር ይፈልጋል፤ ይሁንና እያንዳንዱ አምራች የራሱን ልክ ስለሚያወጣ የሚታመነው የእርሱ ወረቀት ነው። ሃርድነር ቢበዛ ቀለሙ ይበልጥ ይጠነክራል የሚለው ሐሳብ ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ትርፉ መረቡ ውስጥ ቦታ ስለማያገኝ ከአየር እርጥበት ጋር ይዋሐዳል፤ ሽፋኑም ተሰባሪ ይሆናል። የቅጥነቱን ልክ ለማወቅ ታች 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለውና 100 ሚሊሊትር የሚይዝ የመለኪያ ጽዋ አለ፤ ቀለሙ ፈስሶ እስኪያልቅ በሰከንድ ይቆጠራል፤ ለመርጨት አብዛኛውን ጊዜ 20 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። መሣሪያው ርካሽ ሆኖ ሳለ በጋራዦቻችን እምብዛም አይታይም። ቀቢው በእንጨት እያነሣ አወራረዱን አይቶ ይወስናል፤ ልምድ ያለው በእርግጥ ብዙም አይሳሳትም፤ ልምዱን ለተማሪው የሚያስተላልፍበት ቁጥር ግን የለውም። በትራክተር ላይ ከዚህም በፊት የሚመጣ ሥራ አለ፤ ግራሶና የሃይድሮሊክ ዘይት በሚገባ ካልታጠበ ቀለሙ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። አረጫጨቱ በ20 እና በ25 ሴንቲሜትር መካከል ርቀትን ጠብቆ፣ አንዱ መስመር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ነው፤ መጀመሪያ ሳሳ ያለ፣ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ሙሉ።

የተለመደው መርጫ ከሚያወጣው ቀለም ብረቱ ላይ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታች ነው፤ የቀረው አየር ውስጥ ይቀራል። በካሊፎርኒያ ግዛት የአየር ጥራት ደንቦች ባስገደዱት መሠረት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚጠቀም መርጫ ተስፋፋ፤ አፉ ላይ ግፊቱ ከ0.7 ባር አይበልጥም፤ ከቀለሙም ቢያንስ 65 በመቶውን እንዲያሳርፍ ይጠበቃል። ለቀለም ገዢው ቁጠባ ነው። ለረጪው ግን የጭጋጉ መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ የቀረው 35 በመቶ ከቢሊዮን 5 እጅ ከሚለው ገደብ ጋር ሲነጻጸር አሁንም እጅግ ብዙ ነው።

በየጋራዡ እንደሚታየው ረጪው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ያስራል፤ ሥራውን ሲጨርስ ወተት ይጠጣል። ወተቱ ቀለሙን ያጥባል ተብሎ ይታመናል። ወተት ወደ ሆድ ይወርዳል፤ የተረጨው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ነው። ጨርቁም አቧራውን ጥቂት ቢይዝ ትነቱን አይዝም። ያም ሆኖ በዚህ ልማድ ላይ መሳቅ አይገባንም፤ ሠራተኛው አደጋ መኖሩን ያወቀው እኛ ከመንገራችን በፊት እንደሆነ ያሳያልና። የማያውቀው ከዱኮ ወደ ሃርድነር ሲሸጋገር የአደጋው ዓይነት መለወጡን ነው። ናይትሮ በሚረጭበት ዘመን የሚፈራው እሳት ነበር፤ ሲጋራ አጥፍቶ በር መክፈት አብዛኛውን ይበቃ ነበር። ዛሬ በር መክፈት ረጪውን ሳያድን ጭጋጉን ወደ ላመሪስታውና ወደ ሻይ አፍይዋ ይልከዋል።

በአይሶሳያኔት ሥራ ላይ የሚመከረው ጭንብል ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚቀበል ነው። ይህ ዕቃ ውድ ስለሆነ ለትንሽ ጋራዥ የማይታሰብ ተደርጎ ይወራል። ነገር ግን የወጪው ትልቁ ክፍል፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ፣ ቀድሞውኑ እዚያው ቆሞ መርጫውን እየመገበ ነው። የሚጨመረው ለሁለት የሚበቃ አቅም፣ የዘይት ጭጋግንና ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያስወግድ ማጣሪያ፣ ቱቦና ጭንብል ነው። ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስብበት አፍ ከመርጫው ክፍልና ከናፍጣ ሞተር ጭስ ርቆ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ በከፍታ ምክንያት የሚጎድለው ሩብ አየርም በስሌቱ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። አዲስ ጋራዥ ሲነደፍ የአየር መስመሩን ሥዕል የሚሠራው መሐንዲስ ከመርጫው ቧንቧ ጎን ሁለተኛውን ቧንቧ በዚያው ወረቀት ላይ ቢያሰምር፣ በግንባታ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ሜትር ቧንቧና አንድ ቫልቭ ነው።